የዕለት እንጀራና የዕለት ሥዕል
(ስለ ሄልሲንኪዋ ሠዓሊ ስለ ቶቬ ያንሶን)

የጥበብ ሰው የተባለ ሁሉ መንፈሱ ከሰማይ እስኪወርድለት ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ፣ በወረደለትም ጊዜ በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ አንድ ድንቅ ነገር የሚሠራ ፍጡር ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ከዚህም አስተሳሰብ የተነሣ ሥዕል የመሣል ዝንባሌ ያላቸው ጓደኞቻችን ጭምር «መንፈሱ አልመጣልኝም» እያሉ ደብተራቸውን ይዘጋሉ። ሌሎች ደግሞ «በሥዕል እንጀራ አይበላም» ብለው ገና ሳይጀምሩ ይተዉታል። እነዚህን ሁለት አስተያየቶች በባዶ ክርክር ከመመርመር ይልቅ የአንድ ሠዓሊ ሕይወት ወስዶ መመልከት ይሻላል።

ለዚህ የመረጥናት ፊንላንዳዊቱን ቶቬ ያንሶንን ነው። ቶቬ በ1914 በሄልሲንኪ ተወልዳ በ2001 በዚያችው ከተማ አረፈች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው)። ሙሚን የሚባሉትን፣ ፊታቸው ጉማሬ የሚመስል ነጫጭ ፍጡራን ፈጥራ በሥዕልም በጽሑፍም ያወጣች እርሷ ናት፤ መጻሕፍቷም ከ50 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ዝናዋ አይደለም። የምንናገረው በየቀኑ ስለምትሠራው ሥራና ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ነገር ከየት ታገኝ እንደ ነበረ ነው።

በመጀመሪያ የሙያውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በሸራ ላይ የሚሥል ሠዓሊ ሥዕሉን ለብቻው ያቆመዋል፤ መጠኑንም ቀለሙንም የሚወስን እርሱ ነው። የመጽሐፍና የጋዜጣ ሠዓሊ ሥዕል ግን ከጽሑፍ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። የገጹ ወርድና ቁመት የተወሰነ ነው፤ አታሚው ብዙ ጊዜ ጥቁር ቀለም ብቻ ይፈቅድለታል፤ ማተሚያ ቤቱም ቀን ቈርጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ይህ ሙያ የጥበብ ወገን ሆኖ ሳለ የእጅ ሥራ ጠባይ አለው፤ ባለሙያው እንደ ልብስ ሰፊ ልክ ተሰጥቶት ይሠራል። ቶቬ ያንሶን ሁለቱንም ነበረች። ራሷን ከሁሉ አስቀድማ የምትቈጥረው እንደ ሸራ ሠዓሊ ነበር፤ እንጀራዋን የሰጣትና ስሟን ያስጠራው ግን ሁለተኛው ሙያ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ትግል ብዙ ዘመን አብሯት ኖሯል።

ከተማይቱ

ሄልሲንኪ የፊንላንድ ዋና ከተማ ናት። በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከምድር ወገብ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ትገኛለች። የተቈረቈረችው በ1550 ነው። ባሕሩ ከከተማይቱ ጫፍ ላይ የሚቀር አይደለም፤ በየሠፈሩ መካከል እየገባ ይወጣል። ዋናው የገበያ አደባባይ ከወደቡ አፍ ላይ ነው። ከወደቡ ወጣ ሲባል ደግሞ በ1748 መሠራት የተጀመረው የሱኦመንሊና ምሽግ በደሴቶች ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

የብርሃኑ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነው። በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም። በሄልሲንኪ ግን በሰኔ ወር ቀኑ ወደ 19 ሰዓት ሲረዝም፣ በታኅሣሥ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በብርዱ ወራት የባሕሩ ዳር ይረጋና በረዶ ይሆናል። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሠዓሊ ጥቁርና ነጭ የቀለም ስም ብቻ አይደሉም፤ የዓመቱ ወራት ስም ናቸው ለማለት ይቻላል።

ቶቬ ያደገችው በወደቡ አጠገብ በሚገኘው በካታያኖካ ሠፈር ነው። ቤታቸው የነበረበት መንገድ ስም እንኳ የተወሰደው መርከቦችን እየመሩ ወደብ ከሚያገቡ ሰዎች ሙያ ነው። ዛሬ በዚሁ ሠፈር በስሟ የሚጠራ መናፈሻ አለ።

የእናት ጠረጴዛ

አባቷ ቪክቶር ያንሶን ሐውልት ቀራጺ ነበር። እናቷ ሲግኔ ሃማርስተን ደግሞ ከስዊድን የመጣች የመጻሕፍትና የመጽሔት ሠዓሊ ነበረች። የሐውልት ሥራ ገቢው አንድ ጊዜ ተገኝቶ ብዙ ጊዜ የሚታጣ ስለ ሆነ፣ የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የምትሸፍነው እናትየዋ ነበረች። የመጽሐፍ ሽፋን ትሥላለች፤ ለመጽሔት የቀልድ ሥዕል ትሠራለች፤ በፊንላንድ ባንክ የኖት ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የፊንላንድን ቴምብሮችም ለብዙ ዓመታት የነደፈች እርሷ ናት።

ልጅቱ የሥዕልን ሥራ መጀመሪያ ያየችው በኤግዚቢሽን አዳራሽ ሳይሆን በዚህች ሴት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥዕል ማለት ልጆች አጠገብ እየተጫወቱ፣ ወጥ እየተሠራ፣ ነገ ጠዋት ለማተሚያ ቤት እንዲደርስ ዛሬ ማታ የሚያልቅ ሥራ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምራ አወቀች። ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ሥዕሎቿ በመጽሔት መታተም ጀመሩ። በ1929 ደግሞ እናቷ በምትሠራበት ጋርም በሚባል የስዊድንኛ የፌዝ መጽሔት ላይ ሥራዋ ወጣ። ከዚያም በኋላ መጽሔቱ በ1953 እስኪቆም ድረስ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሥዕሎች ሠርታለታለች። ትምህርቷን ከ1930 እስከ 1933 በስቶክሆልም፣ ከ1933 እስከ 1937 በሄልሲንኪ፣ በ1938ም በፓሪስ ተከታትላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ያንሶኖች በፊንላንድ ውስጥ ስዊድንኛ የሚናገሩ ጥቂት ወገኖች ነበሩ። ቶቬም መጻሕፍቷን የጻፈችው በዚሁ በጥቂቶች ቋንቋ ነው። ይህ ግን ወደ ሩቅ አገር ከመድረስ አላገዳትም።

በጦርነት ጊዜ ሥዕል ለምን?

በ1938 የአውሮጳ ታላላቅ መንግሥታት ሂትለርን ለማባበል የሌላውን አገር መሬት እየቈረሱ ሲሰጡት ቶቬ ለጋርም አንድ የሽፋን ሥዕል ሠራች። በሥዕሉ ላይ ሂትለር የሽንት ጨርቅ የታሰረለት አልቃሻ ሕፃን ሆኖ፣ ትልልቅ ሰዎች በዙሪያው ቆመው ኬክ ሲያቀርቡለት ይታያል። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ለአንድ ኃያል መንግሥት መሪ እንዲህ ያለ ፌዝ በስም ፈርሞ ማውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ሥዕሉ የተገኘው ግን ከረቀቀ የፖለቲካ መጽሐፍ አይደለም። ማንኛችንም በየቤታችን ከምናየው፣ ጣፋጭ ሲሰጡት ይበልጥ ከሚያለቅስ ልጅ ነው። የቀልድ ሥዕል ኃይሉም ይኸው ነው፤ አንባቢው በሩቅ የሚፈራውን ነገር በቅርብ ከሚያውቀው ነገር ጋር ያገናኝለታል።

በኅዳር 1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወጋች። ቶቬ በኋላ ዘመን ስለዚያ የብርድ ወራት ስትጽፍ ሥራዋ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመና ሥዕል መሣል ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ እንደ ታያት ተናግራለች። ወንድሟና ጓደኞቿ ጦር ሜዳ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለዛፍና ለአበባ ቀለም መበጥበጥ ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። በችግር ጊዜ የሚኖር የጥበብ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ከእኛም መካከል «አገር በችግር ላይ ሳለች ሥዕል ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ቶቬ ለዚህ ጥያቄ በንግግር መልስ አልሰጠችም። በአንድ በኩል ለጋርም የምትሠራውን የፌዝ ሥዕል ቀጠለች። በጥቅምት 1944 የጀርመን ሠራዊት ሰሜን ፊንላንድን እያቃጠለ ሲሸሽ፣ ብዙ ሂትለሮች ሆነው ሲዘርፉና እሳት ሲለኩሱ የሚያሳይ ሽፋን አወጣች። በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያው ከ1939 ጀምራ አንድ የልጆች ተረት መጻፍና መሣል ጀመረች። ተረቱም የጠፋውን አባት እየፈለጉ ስለሚንከራተቱ እናትና ልጅ ነበር። ሳይጨርሱት ለጥቂት ዓመታት ቢቀመጥም በ1945 ታተመ። በ1946 የተከተለው ሁለተኛው መጽሐፍ ጅራታም ኮከብ ከሰማይ እየቀረበ ሲመጣባቸው ስለሚጨነቁ ፍጡራን ይናገራል። በየካቲት 1944 ሄልሲንኪ በሦስት ታላላቅ የአየር ድብደባዎች መመታቷን ለሚያውቅ ሰው፣ ከሰማይ የሚጠበቀው ጥፋት ከየት እንደ መጣ ማስረዳት አያስፈልገውም። እንግዲህ ጦርነቱ ሥዕሏን አላስቀረውም፤ ወደ ሥዕሏ ገባ።

በዚያው በ1944 ከባሕሩ ብዙ በማይርቀው በኡላንሊናንካቱ መንገድ፣ በአንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ፣ ጣራው ረዥም የሆነ አንድ የሥዕል መሥሪያ ክፍል ተከራየች። መስኮቶቹ በድብደባው ረግፈው ነበር፤ ክፍሉም ብርድ ነበር። ለኪራይ የሚሆነው ገንዘብ ሲያስጨንቃት ኖራለች። ይሁን እንጂ ክፍሉን አልለቀቀችም፤ እስክትሞት ድረስ ለ57 ዓመታት ያህል ሠርታበታለች።

ከዕለት ነገር ወደ ሥዕል

ሙሚን የሚባለው ፍጡር ራሱ ከምን እንደ ተገኘ ማየት ይጠቅማል። በልጅነቷ በባሕር ዳር በሚያሳልፉት የዕረፍት ወራት ከወንድሟ ጋር ስለ ፈላስፋው ስለ ካንት ተከራክረው፣ እርሷ ተናድዳ የምትችለውን ያህል አስቀያሚ የሆነ ፍጡር በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ሣለች። በስቶክሆልም ተማሪ ሳለች ደግሞ ያረፈችበት ቤት ጌታ፣ አጎቷ፣ ሌሊት ከጓዳ ምግብ እየሰረቀች እንደምትበላ ስላወቀ፣ ከምድጃው ኋላ «ሙሚንትሮል» የሚባል ነገር እንዳለና በሌቦች ማጅራት ላይ እንደሚተነፍስ ነግሮ አስፈራራት። የወንድምና የእኅት ጠብ መልኩን ሰጠ፤ የአጎት ማስፈራሪያ ስሙን ሰጠ። በጦርነቱ ዘመን ይኸው ፍጡር በጋርም ሥዕሎች ጥግ ላይ ከፊርማዋ አጠገብ ብቅ ማለት ጀመረ። በመጨረሻም መጽሐፍ ሙሉ ቦታ አገኘ። በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሣለው መልክ እስከ መጀመሪያው መጽሐፍ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። መንፈስ የሚባለው ነገር በአንድ ሌሊት አልወረደም።

ባሕሩም እንዲሁ ነው። አባቷ ማዕበል የሚወድ ሰው ነበር፤ ነፋስ ሲነሣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እርሱ ደስ ይለው ነበር። ቤተ ሰቡ ከከተማው በስተምሥራቅ በፔሊንኪ ደሴቶች መካከል የዕረፍቱን ወራት ያሳልፍ ስለ ነበረ፣ ልጅቱ ጀልባ መቅዘፍን፣ ዓሣ ማጥመድንና የሰማዩን ጠባይ ማወቅን ተማረች። በመጻሕፍቷ ውስጥ ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመርከብ ስብራትና የመብራት ግንብ የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። በ1965 ባወጣችው መጽሐፍ የሙሚን አባት ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ አንዲት ባዶ ደሴት ይሄዳል፤ በደሴቲቱ ላይ ግን የመብራቱ ግንብ ጠፍቶ ያገኘዋል።

ከነገሩ በቀር አሠራሩም ከቦታው የተወለደ ነው። በ1957 ስለ ብርድ ወራት ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ አንዳንዶቹን ሥዕሎች የሠራችው በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መሥመር እየጣለች አይደለም። ላዩ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ሰሌዳ ወስዳ በሹል ብረት እየፋቀች ከሥር ያለውን ነጭ ታወጣ ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ እንደምንጽፈው ያለ ነው፤ ሌሊቱ አስቀድሞ አለ፤ ሠዓሊው የሚጨምረው ብርሃኑን ብቻ ነው። ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለምትታይበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ቱቲኪ የምትባል፣ በበረዶ መካከል ሳትደናገጥ የምትኖር ብልህ ፍጡር አለች። ይህችን የሣለችው የሕይወቷን ጓደኛ የሕትመት ሥዕል ባለሙያዋን ቱሊኪ ፒየቲላን እያሰበች ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሕንፃዎች ውስጥ የየራሳቸው መሥሪያ ክፍል ነበራቸው፤ የሚገናኙትም በጣራው ሥር ባለው መተላለፊያ በኩል ነበር። እያንዳንዳቸው ለብቻ ይሠራሉ፤ ሲያበቁ በጣራው ሥር አልፈው ይጠያየቃሉ።

እንጀራና ነፃነት

በ1952 ቶቬ ከአንድ የለንደን ጋዜጣ ድርጅት ጋር የሰባት ዓመት ውል ፈረመች። ሥራው በየቀኑ ለጋዜጣ የሚወጣ፣ በጥቂት ክፍሎች የተከፈለ ተከታታይ የሥዕል ወግ ነበር። በመስከረም 1954 በለንደኑ «ኢቭኒንግ ኒውስ» መውጣት ጀመረ፤ እያደርም ወደ 40 በሚሆኑ አገሮች ጋዜጦች ታተመ። ከብዙ ዓመት የኪራይ ጭንቀት በኋላ የተረጋጋ ገቢ አገኘች።

ይህንንም ሥራ እንደ ቀላል ነገር አልቈጠረችውም። ለምሳሌ ያህል፣ ሌሎች ሠዓሊዎች የወጉን ክፍሎች በቀጥታ መሥመር ሲለዩ እርሷ በታሪኩ ውስጥ ባለው ዕቃ ትለያቸው ነበር። በአትክልት ቦታ ከሆነ መለያው መቈፈሪያ ወይም የዛፍ ግንድ ይሆናል፤ በቤት ውስጥ ከሆነ መጥረጊያ ወይም መብራት ይሆናል። ጠባብ ቦታ የተሰጠው ሠዓሊ ከአጥሩም እንኳ ሥዕል ሊያወጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ነገር ግን በሳምንት ስድስት ወግ ማለት በዓመት ከ300 በላይ ነው። ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን የሚያስበው ነገር የነገው ሥዕል ብቻ የሆነበት ሰው በዙሪያው ያለውን ነገር የሚያየው ለጥቅም ብቻ ነው። ባሕሩ ባሕር መሆኑ ይቀርና ለነገ የሚሆን ቀልድ ይሆናል። ቶቬ የደረሰባት ይህ ነው። የሸራ ሥዕሏ ተቋረጠ፤ የፈጠረቻቸውን ፍጡራን ራሳቸውን መጥላት ጀመረች። ውሉ በ1959 ሲያልቅ አላደሰችውም። ሥራውን ለታናሽ ወንድሟ ለላርስ ያንሶን አስረከበችው። ላርስ መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጐምና ሐሳብ በማዋጣት ሲረዳት የቈየ ሲሆን፣ ሥዕሉን ተምሮ እስከ 1975 ድረስ ቀጠለበት።

ይህ ውሳኔ ጥቂት ሊያስገርመን ይችላል። በዝናና በገቢ ከፍታ ላይ ሳለ የሚያቆም ሰው ጥቂት ነውና። ነገር ግን እንጀራ የሰጣትን ሥራ አልናቀችም፤ ሰባቱን ዓመት ቃሏን ጠብቃ ሠርታለች። ያልፈቀደችው ሥራው ዓይኗን እንዲወስድባት ብቻ ነው።

ደሴቲቱ

ከዚያ በኋላ ወደ ሸራዋ ተመለሰች፤ በ1960ዎቹም ማዕበልንና ባሕርን ሣለች። በ1964 መጸው ከፔሊንኪ ደሴቶች ወጣ ባለችው በክሎቭሃሩ ላይ ከቱሊኪ ጋር ትንሽ ቤት ማሠራት ጀመረች። ደሴቲቱ ዛፍ የሌለባት ባዶ ዓለት ናት። ቤቱ አንድ ክፍል ያለው ሲሆን በአራቱም አቅጣጫ መስኮት አለው። መብራትና የቧንቧ ውኃ አልነበረም። ከበረዶው መቅለጥ እስከ መጸው ድረስ ዓሣ እያጠመዱ፣ በባሕር የመጣውን እንጨት እየለቀሙ፣ እየጻፉና እየሣሉ በየዓመቱ ኖሩበት። ቶቬ ስለ ዕረፍት ወራትና ስለ ደሴት የጻፈቻቸው የኋላ ዘመን መጻሕፍት ከዚሁ ኑሮ የተቀዱ ናቸው።

በ1970 እናቷ ሞተች። በዚያው ዓመት የወጣው የመጨረሻው የሙሚን ልብ ወለድ እንግዶች ወደ ሙሚኖች ቤት መጥተው ባለቤቶቹን ስለሚያጡበት ወር ይናገራል። ያ ሁሉ ፍጡር የኖረበት ቤት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሥራን ያስተማረቻትን ሴት በእንዲህ ያለ መንገድ ተሰናበተቻት ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ሴቶች እርጅና ስለ ተጫናቸው ደሴቲቱን ለቀቁ። ቶቬ ስለዚህ ስትጽፍ ያ ዕድሜዋን ሙሉ የወደደችው ባሕር ያስፈራት እንደ ጀመረ ሳትደብቅ ተናግራለች። ፍርሃቷም ለሥራ ሆነ፤ በ1996 በቱሊኪ ሥዕሎች ታጅቦ ስለ ደሴቲቱ የወጣው መጽሐፍ ከዚያ የተገኘ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ አንባቢ «እርሷ ከሠዓሊና ከቀራጺ ተወለደች፤ ለእኛ ይህ ዕድል የለንም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ብዕርና ቀለም በሚገኝበት ቤት ማደግ ታላቅ ዕርዳታ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቤት የወረሰችው ዋናው ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘብ አልነበረምና። የወረሰችው ሥዕል ሥራ መሆኑን ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ከሠዓሊ ያልተወለደ ሰውም ሊማረው ይችላል።

በመጀመሪያው ላይ ወዳነሣናቸው ሁለት አስተያየቶች ስንመለስ፣ ስለ መንፈሱ የሚባለው ስሕተት ነው። የቶቬ ሥዕል የተገኘው ከወንድም ጠብ፣ ከአጎት ተረት፣ ከአባት ማዕበል፣ ከጓደኛ ጠባይ፣ ከመስኮቱ ውጭ ካለው ብርሃንና ጨለማ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ባሕር የሌለው ከተማም አያጣም። ቁም ነገሩ ያዩትን በዕለቱ ወረቀት ላይ ማስቀመጥና ለዓመታት ሳይጥሉ መያዝ ነው። «እንጀራ አይበላበትም» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ይበላበታል፤ ነገር ግን እንጀራው ራሱ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋው እስከ ምን ድረስ እንደሚከፈልም እያንዳንዱ ራሱ መወሰን አለበት።

ከእኛ ብዙዎቻችን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ እንቀጠራለን። ሥዕል የሚሥለው፣ ግጥም የሚጽፈው፣ ክራር የሚመታው ጓደኛችን ደመወዙን ሲይዝ ያንን ነገር «ለጊዜው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቶቬ ያንሶን የለንደኑን ውል የፈረመች ጊዜ 38 ዓመቷ ነበር፤ ሳታድሰው ስትቀር 45 ሆኗታል። ለእንጀራዋ የሰጠችውን ጊዜ በቍጥር ታውቀው ነበር። እኛም «ለጊዜው» ስንል ስንት ዓመት ማለታችን እንደ ሆነ ከመቀጠራችን በፊት ብናስብበት መልካም ነው።